እባጭ፣ መስፋት ወይስ ልጥጠት?
የሆድ አኦርታ አኒውሪዝም ከሕክምና በፊት የታየባቸው ምስሎች ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቻቸው

1. መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአሜሪካ አገር በሆስፒታል አስተርጓሚነት የሚሠራ አንድ ወጣት፣ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ እንድንመረምርለት ላከልን። ጽሑፉ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ላለፈ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት እንዲነበብላቸው ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነበር። በውስጡም የሚከተሉት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይገኙበታል፦ «በሆድዎ ውስጥ ባለው ትልቁ የደም ሥር ላይ እባጭ አለ፤ ሊፈነዳ ይችላል።» «የእባጩ ውፍረት 5.6 ሳንቲ ሜትር ነው።» «ከሕክምናው በፊት የንጽጽር ምስል ይነሣሉ።» ሕመምተኛው ወረቀቱ ተነቦላቸው ሲያበቃ፣ «እኔስ እሱን አይደል እንዴ የምጠብቀው፤ ይፈንዳና ልረፍ እንጂ ልጄ» ብለው ቀጠሯቸው እንዲሰረዝ መጠየቃቸውን አስተርጓሚው ጽፎልናል።

የሰውየው መልስ በአማርኛ ሕግ ሲመዘን ትክክለኛ ነው። በቋንቋችን እባጭ የሚፈነዳው መግሉ ወጥቶ ባለቤቱ ሊያርፍ ነው፤ የእባጭ መፈንዳት የፈውስ ዋዜማ ነው። በወረቀቱ የተገለጸው በሽታ ግን ከፈነዳ፣ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስና ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ይገድላል። እንግዲህ ስሕተቱ የአድማጩ ሳይሆን የቃሉ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው፣ አኒውሪዝም የተባለው የደም ቅዳ ሕመም በተለይም በሆድ አኦርታ ላይ ሲደርስ፣ ሐኪሞች ከሕክምና በፊት እንዴት እንዳዩትና ያዩትንም እንዴት እንደ ሰየሙት በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። እያንዳንዱ የምስል ዐይነት ከበሽታው አንዱን ገጽታ አሳይቶ ሌላውን ሰውሯል፤ ስያሜዎቹም ይህንኑ ተከትለዋል። ተርጓሚው ምስሉ ምን እንዳሳየ ካላወቀ አቻ ቃል ሊያገኝለት አይችልም የሚለው አስተያየታችን ከዚህ ታሪክ የመነጨ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

2. ከምስል በፊት የነበረው ስያሜ

«አኒውሪዝም» የግሪክኛ ቃል ነው። ሥሩ «ሰፊ» የሚል ትርጉም ካለው ቃል የተገኘ ሲሆን፣ ጠቅላላ ፍቺው «መስፋት፣ መስፋፋት» ማለት ነው። በሁለተኛው ምእተ ዓመት የነበረው ጋሌን በሽታውን ገልጾታል፤ በዚያው ምእተ ዓመት የነበረው ቀዶ ሐኪም አንጢሎስም የሰፋውን ደም ቅዳ ከላይና ከታች በክር አስሮ መክፈትን አስተምሯል። ስያሜውን የሰጡት ሰዎች የደም ሥሩን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ በእጅ በመዳሰስና በሬሳ ምርመራ ብቻ፣ የነገሩን ባሕርይ በትክክል መያዛቸው የሚደነቅ ነው። በደም ሥሩ ላይ የበቀለ ሌላ ነገር የለም፤ የሰፋው ራሱ ደም ሥሩ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ «አርተሪ» የሚለው ስያሜ የተመሠረተው በስሕተት ላይ ነው። የጥንት ግሪኮች ቃሉን መጀመሪያ ለአየር ቧንቧ ያውሉት ነበር፤ ከሞት በኋላ እነዚህ የደም ሥሮች ባዶ ሆነው ስለሚገኙም አየር የሚያስተላልፉ መስለዋቸው ነበር። በውስጣቸው ደም መኖሩን በሙከራ ያሳየው ጋሌን ነው፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀረ። «አኦርታ» የሚለውንም ቃል ለታላቁ የደም ሥር ያዋለው አርስጣጣሊስ ሲሆን፣ ቃሉ ከ«ማንሣት፣ ማንጠልጠል» ጋር ይዛመዳል።

እዚህ ላይ የአማርኛውን ስያሜ ማወዳደር ይገባል። «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የተባሉት የትምህርት ቤት ቃላት፣ ዊልያም ሃርቪ በ1628 የደምን ዝውውር ካስረዳበት ዕውቀት የተነሡ ናቸው፤ አንዱ ከልብ ይቀዳል፣ ሌላው ወደ ልብ ይመልሳል። ስለዚህ ከግሪክኛው ይልቅ የአማርኛው ስያሜ የአካሉን ሥራ አጥርቶ ይናገራል። ሕዝቡ በሰፊው የሚጠቀምበት «ደም ሥር» ግን ሁለቱን ሳይለይ ያጠቃልላል።

ወደ በሽታው እንመለስ። ቃሉ ትክክል መሆኑ ብቻውን ሐኪሙን ከስሕተት አላዳነውም። በክንድ፣ በብብት ወይም በጉልበት ኋላ የወጣ አኒውሪዝም ከላይ ሲታይ ከተራ እባጭ ጋር ይመሳሰላል፤ መግል የያዘ መስሏቸው በጩቤ የከፈቱትም ነበሩ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ምእተ ዓመት ወጣት ቀዶ ሐኪሞችን ከዚህ ስሕተት እንዲጠበቁ አስጠንቅቋል። ዛሬ በአንድ የአማርኛ ወረቀት ላይ «እባጭ» ተብሎ የተጻፈው ቃል፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን ያንኑ የዐይን ስሕተት በጆሮ በኩል መልሶ ማምጣቱ ነው።

በሆድ ውስጥ ያለውን አኦርታ በተመለከተ ከሕክምና በፊት የነበረው ብቸኛ መመርመሪያ እጅ ነበር፤ ከእምብርት በላይ እየመታ የሚሰፋ ነገር ይዳሰሳል። እንግሊዛዊው አስትሊ ኩፐር በ1817 የሆድ አኦርታን በክር አሰረ፤ ሕመምተኛው ግን ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ። ለአኒውሪዝም ሲባል አኦርታን አስሮ ሕመምተኛውን በማትረፍ የመጀመሪያው በ1923 አሜሪካዊው ሩዶልፍ ማታስ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል።

3. ራጅ፦ የጥላው ዘመን

ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ ስሙን «ኤክስ» ያለውን ጨረር ያገኘው ኅዳር 8 ቀን 1895 ነው። «ኤክስ» በሒሳብ ያልታወቀ ነገር ምልክት ነውና፣ ስያሜው አለማወቅን በግልጽ የሚያምን ስያሜ ነበር።

ይህ ግኝት ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በመጋቢት 1896፣ ማለትም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮችን ክንድ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በጨረር አንሥቶ በውስጡ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ኢጣልያኖች ጨረሮቹን «ራጂ» ይሏቸዋል፤ የእኛ «ራጅ» ከዚህ የመጣ ውሰት ቃል ነው። በመነሻ ቋንቋው ብዙ ቁጥር የነበረው በአማርኛ ነጠላ ሆኗል፤ የጨረሩ ስም የነበረውም የምስሉ ስም ሆኗል። ግሡንም ከፎቶግራፍ ወስደን «ራጅ ተነሣ» እንላለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ፣ ራጅ የአካልን መልክ እንደ ፎቶግራፍ ያሳያል የሚል እምነት ተሰውሯል።

ራጅ የሚያሳየው ግን ጥላ ነው። አጥንትና ጥይት ጨረሩን ስለሚያግዱ ይታያሉ፤ ደምና የደም ሥር ግን ከአካባቢያቸው ሥጋ አይለዩም። በአንዳንድ አረጋውያን የአኒውሪዝሙ ግድግዳ ኖራ ስለሚይዝ፣ በተራ ራጅ ላይ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የቀጠነ መስመር ሆኖ ይታያል። ይህም ሲሆን የሚታየው ግድግዳው ብቻ ነው፤ በውስጡ ደም በየት በኩል እንደሚያልፍ አይታወቅም።

የደምን መንገድ ለማየት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ሩቅ አልነበረም። በጥር 1896 ቪየና ላይ ሃሼክና ሊንደንታል የተባሉ ሰዎች በተቆረጠ የሬሳ እጅ ውስጥ ጨረር የሚያግድ ውሕድ ጨምረው ደም ሥሮቹን አነሡ። የአንጎልንና የሆድ አኦርታን ደም ቅዳዎች በሕያው ሰው ላይ ለማሳየት የተቻለው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሊዝቦን ነው። ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 የአንጎልን፣ ሬናልዶ ዶስ ሳንቶስ ደግሞ በ1929 የሆድ አኦርታን ደም ቅዳዎች አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በመጨመር በራጅ አሳዩ። ዶስ ሳንቶስ መርፌውን ያስገባው በጀርባ በኩል ነበር። በ1953 ስዊድናዊው ስቬን ሴልዲንገር በብሽሽት በኩል በመርፌ፣ በሽቦና በቀጭን ቱቦ መግባትን ካስተማረ ወዲህ አሠራሩ ተስፋፋ።

ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ምስል ስም «አንጂዮግራፊ» ሲሆን፣ ቃል በቃል «የደም ሥር ጽሕፈት» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ የደም ሥሩን አያሳይም፤ የሚያሳየው ፈሳሹ የሄደበትን መንገድ ነው። በሆድ አኦርታ አኒውሪዝም ደግሞ የሰፋው ክፍል ብዙውን ጊዜ በረጋ ደም ስለሚለበጥ፣ በመካከል የሚቀረው የደም መንገድ ከጤነኛ አኦርታ እምብዛም ላይለይ ይችላል። አንድ ክንድ የሚያህል ግንድ በውስጡ ጠባብ ቦይ ተቦርቡሮ ውኃ ቢያልፍበት፣ ውኃውን ብቻ ያየ ሰው ግንዱን ቀጭን በትር ነው ይላል። እንዲሁ የሰፋው አኦርታ በአንጂዮግራፊ ጤነኛ ሊመስል ችሏል።

ይህ የደም መንገድ በላቲን «ሉመን» ይባላል፤ ፍቺው «ብርሃን» ማለት ነው፤ ብርሃን የሚያስገባ መስኮትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ «የአኦርታ ብርሃን ጠቧል» የሚል ገጥሞናል። ሥርወ ቃሉን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ሥርወ ቃሉን መተርጎም ግን ሌላ ነው። እኛ «የደም መንገድ» ብንለው ማንም ይረዳዋል።

በዚያ ዘመን የነበረውን ችግር ለማሳየት የአልበርት አይንሽታይን ሕመም በቂ ምሳሌ ነው። በ1948 መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሩዶልፍ ኒሰን ሆዱን ከፍቶ የሆድ አኦርታ አኒውሪዝም አገኘ፤ የደከመውንም ግድግዳ በሴሎፋን ጠቀለለው። አይንሽታይን ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖሮ፣ በሚያዝያ 1955 አኒውሪዝሙ ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብሎ በ18ኛው ቀን ዐረፈ። በ1951 ፓሪስ ላይ ሻርል ዱቦስት የታመመውን የአኦርታ ክፍል ቆርጦ በሌላ ሰው ደም ቅዳ ተክቶ ስለ ነበር መድኃኒቱ መታወቅ ጀምሯል፤ ነገር ግን በሽታውን ሳይከፍቱ የሚያዩበትና መጠኑን ከዓመት ዓመት የሚከታተሉበት መንገድ ገና አልነበረም።

4. ማሚቶና ቁርጥ

ሁለተኛው ዘመን የተጀመረው ከጨረር ሳይሆን ከድምፅ ነው። በግላስጎ ከተማ የማሕፀን ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ፣ በፋብሪካ የብረትን ስንጥቅ በድምፅ የሚፈልገውን መሣሪያ በሰው ሆድ ላይ ሞከረ። በ1958 ከማክቪካርና ከብራውን ጋር ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ርእሱ ስለ ፅንስ አልነበረም፤ በሆድ ውስጥ ስለሚዳሰሱ እብጠቶች ነበር። ካንሰር ነው ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት የአንዲት ሴት እብጠት ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ መገኘቱ የመሣሪያውን ጥቅም አስመሰከረ። ይህ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ አልትራሳውንድ ወደ ሆድ የገባው «እብጠት» የሚለውን የጅምላ ቃል ለመበተንና «ምን ዐይነት እብጠት?» ብሎ ለመጠየቅ ነው። በ1960ዎቹም የሆድ አኦርታ አኒውሪዝም በዚሁ መንገድ ታየ።

አልትራሳውንድ ማለት የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ፣ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። መሣሪያው ድምፁን ይልካል፤ ከአካል ወሰኖች ላይ ነጥሮ የሚመለሰውንም ተቀብሎ ምስል ያደርገዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «የገደል ማሚቶ» ነው። ግድግዳውና የደም መንገዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሚቶ ስለሚመልሱ፣ አንጂዮግራፊ የሰወረው ሙሉ ስፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መርፌና ያለ ጨረር ታየ።

ቀጥሎ የመጣው የቁርጥ ምስል ነው። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ በጥቅምት 1971 በለንደን የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አንጎል አነሣ፤ ሃውንስፊልድና አላን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ መላ አካልን የሚያነሡ መሣሪያዎች ሲወጡ ሆድም በዚህ መታየት ጀመረ። «ቶሞግራፊ» በግሪክኛ ከ«ቁራጭ» እና ከ«መጻፍ» የተገጠመ ነው፤ አካሉን ሳይቆርጡ ቁርጡን ማየት ማለት ነው። በአንድ ቁርጥ ላይ ግድግዳው፣ በውስጡ የተለበጠው የረጋ ደምና በመካከል ያለው የደም መንገድ እንደ ግንድ ቀለበቶች በየተራ ይታያሉ። የግሪኮቹ «መስፋት» ከነምክንያቱ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ማግኔት ምስል በአጭሩ አንድ ነገር ብቻ እናነሣለን። ፖል ላውተርቡር በ1973 መንገዱን ሲያሳይ የአሠራሩ ስም «ኒውክሌር» የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ የአቶምን እምብርት እንጂ ፈንጂን የማይመለከት ቢሆንም፣ ሕመምተኞችን ስለሚያስፈራ በ1980ዎቹ ከሆስፒታል አነጋገር ወጣ። እንግዲህ ሐኪሞችም ሳይቀሩ አንድ ሳይንሳዊ ስያሜ ትክክል ሆኖ ሳለ በሰሚው ጆሮ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለውጠውታል ማለት ነው። የእኛም ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

5. ምስሉ የልብስ ልክ ሲሆን

በ1980ዎቹ መጨረሻ የምስሉ ተግባር ተለወጠ። ኒኮላይ ቮሎዶስ በ1987 በካርኪቭ በደረት አኦርታ፣ ኹዋን ፓሮዲ ደግሞ በመስከረም 1990 በቦነስ አይረስ በሆድ አኦርታ፣ ሆድና ደረት ሳይከፈት ሽቦ ያለው ሰው ሠራሽ ቧንቧ በብሽሽት በኩል አስገብተው ከውስጥ ተከሉ። ከዚህ በፊት ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ በዐይኑ አይቶ ይለካ ነበር፤ አሁን ግን ቧንቧው የሚመረጠው ሕመምተኛው ሳይነካ በምስል ላይ በተወሰደ ልክ ነው። ልብስ ሰፊው ደንበኛውን ሳያይ በደብዳቤ በተላከለት ልክ እንደሚሰፋ ማለት ነው። በደብዳቤው ያለ አንድ ቃል ከተሳሳተ ልብሱ ይሳሳታል።

የሚወሰዱት ልኮች በርካታ ናቸው። ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች አኦርታው መስፋት እስከሚጀምርበት ያለው ጤነኛ ክፍል «አንገት» ይባላል፤ ቧንቧው የሚይዘው በዚህ ስለሆነ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይፈለጋል። የሰፋው ክፍል «ከረጢት» ነው። ወደ ሁለቱ እግሮች የሚወርዱት የዳሌ ደም ቅዳዎች ስፋትና ጥምዝምዝነትም ይለካል። «አንገት» ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ዘይቤ አይደለም፤ ቅልም ማሰሮም አንገት አላቸው። ነገር ግን ቃሉን ብቻውን የሰማ ሕመምተኛ እጁን ወደ ጉሮሮው እንዳይሰድ፣ ሁልጊዜ «የአኦርታው የላይኛ አንገት፣ ከኩላሊቶች በታች» እየተባለ ቢነገር ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልክ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ጤነኛ የሆድ አኦርታ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ አኒውሪዝም ይባላል። በ1998 በብሪታንያና በ2002 በአሜሪካ የታተሙ ትላልቅ ጥናቶች 5.5 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ በቶሎ ከመቅደድ መከታተል የተሻለ መሆኑን ስላሳዩ፣ ይህ ቁጥር ለወንዶች የውሳኔ ወሰን ሆኗል፤ ለሴቶች ወሰኑ ዝቅ ይላል። በ2002 በብሪታንያ ከ65 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው 67,800 ወንዶች የተካተቱበት ጥናት፣ በአልትራሳውንድ እንዲመረመሩ ከተጋበዙት መካከል በዚህ በሽታ የሞቱት በ42 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን ገለጸ፤ ከ2009 ጀምሮም በእንግሊዝ አገር ወንዶች በ65 ዓመታቸው ለዚሁ ምርመራ ይጠራሉ።

እንግዲህ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚወስንበት ቦታ «ውፍረት» የሚለው የተርጓሚው ቃል ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። በአማርኛ የገመድ ውፍረት ስንል ከዳር እስከ ዳር ያለውን፣ የግድግዳ ውፍረት ስንል ደግሞ የግድግዳውን ገላ ማለታችን ነው። አኦርታ ሁለቱም አሉት፤ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን መላው ግን 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ላይ «ወፍራም» ብርታትን ያመለክታል፤ በዚህ በሽታ ግን መላው በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይደክማል። «የደም ሥርዎ ወፍሯል» የተባለ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። «ስፋት» እንዳይባል በሒሳብ ትምህርት የገጽ መጠን መጠሪያ ሆኗል። «ወርድ» የሚለው የጨርቅ ሻጮች ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር ማለት ብቻ ስለሆነ የሚሻል ይመስለናል።

ወርድ ከተባለም በኋላ ከየት እስከ የት የሚለው ይቀራል። የእንግሊዝ የምርመራ ድርጅት በአልትራሳውንድ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ ይለካል፤ በቁርጥ ምስል ደግሞ ከውጭ እስከ ውጭ መለካት የተለመደ ስለሆነ፣ የአንዱ ሰው አኒውሪዝም በሁለቱ ምስሎች ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ከዚህም ሌላ የተጠማዘዘ አኦርታ በቀጥታ ሲቆረጥ፣ በሰያፍ እንደ ተቆረጠ ሸንኮራ አገዳ ሞላላ ሆኖ ከእውነተኛው ይበልጥ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቁርጡ ለደም ሥሩ ቀጥ ያለ መስቀለኛ መሆን አለበት። ተርጓሚው «5.4» እና «5.6» የሚሉ ሁለት ወረቀቶች ሲደርሱት፣ በሽታው አደገ ብሎ ከመጻፉ በፊት ሁለቱ ልኮች ከየት እስከ የት እንደ ተወሰዱ መጠየቅ ሙያው ያስገድደዋል።

6. የአማርኛው ስያሜ

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። «እባጭ» የማይሆንበትን ምክንያት አይተናል። «ዕጢ» ደግሞ ካንሰርን ያሳስባል፤ በደም ሥሩ ላይ የበቀለ ነገር ያለም ያስመስላል።

ግሪክኛውን በቀጥታ ብንመልሰው «የአኦርታ መስፋት» እናገኛለን። ነገር ግን በአማርኛ «ሰፋ» ሁለት ነው፤ ጨርቅ ሰፋ፣ መንገድ ሰፋ። ግዕዝ አንዱን «ሰፈየ»፣ ሌላውን «ሰፍሐ» ብሎ ይለያቸዋል፤ በአማርኛ ግን የመጨረሻ ፊደሎቻቸው ስለ ጠፉ በአንድ «መስፋት» ተገናኝተዋል። በዚህ ሙያ ደግሞ የአኦርታ መስፋት በሽታውም ሕክምናውም ሊሆን ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ የሰፋውን አኦርታ ቆርጦ ይሰፋዋልና። ከግዕዙ «ስፍሐት» ማለት ይህን ያስወግዳል፤ በመዝገብ ላይም ያምራል። ሆኖም ከላይ የጠቀስናቸው አባት ምናልባት ባይረዱት፣ ከ«አኒውሪዝም» ምን ያህል ይቀርባቸዋል?

«መነፋት» መልካም ጎን አለው። በደከመበት በኩል የተነፋ የመኪና ጎማ መፈንዳቱ አደጋ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን «የሆድ አኦርታ መነፋት» ሲባል ጆሮ የሚይዘው «የሆድ መነፋት» የሚለውን ነው፤ ያም በጌሾና በሽሮ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው።

የቀረው «መለጠጥ» ነው። የተለጠጠ ነገር ይመለሳል፣ አኒውሪዝም ግን አይመለስም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሱ በየቤቱ ይነገራል፤ የሱሪ ላስቲክ ሲያረጅ «ተለጥጦ ቀረ» እንላለን። የበሽታውም ባሕርይ ይኸው ነው፤ በአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ባሕርይ ያላቸው ጭረቶች ያልቃሉ፣ ደም በገፋ ቁጥር ግድግዳው ተለጥጦ ይቀራል። ቃሉ ውጫዊ ብቅለትን አያመለክትም፤ መግልን አያሳስብም፤ ከመጠን ያለፈ ነገር መበጠሱ እንደማይቀርም ራሱ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ «ልጥጠት» የሚለውን ስም እንድንሞክረው እናቀርባለን፤ «አኒውሪዝም» የሚለው ውሰት ቃልም በሐኪሞች መካከል አብሮ ይኑር።

«ንጽጽር» የተባለው በእንግሊዝኛው ቃል ተራ ፍቺ የተወሰደ ነው። ሕመምተኛው ከሌላ ሰው ጋር ሊነጻጸር የሚጠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በደም ሥር የሚሰጥ፣ የደሙን መንገድ በምስሉ ላይ የሚያደምቅ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ለእንዲህ ያለው ፈሳሽ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው አስቀድሞ መናገር ስላለበት፣ ፈሳሽ መሆኑ ከስሙ መታወቅ ይኖርበታል። «አድማቂ ፈሳሽ» ብለነዋል።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ለውይይት የምናቀርባቸው በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. አኒውሪዝም — ልጥጠት። ብይን፦ የደም ቅዳ ግድግዳ ደክሞ፣ መላው የደም ሥር ከመደበኛ ወርዱ አንድ ጊዜ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ተለጥጦ መቅረት።
ለ. ሉመን — የደም መንገድ።
ሐ. ዳያሜትር — ወርድ፤ ከየት እስከ የት እንደ ተለካ ሳይገለጽ አይጻፍ። «ውፍረት» ለግድግዳ ብቻ ይሁን።
መ. አንጂዮግራፊ — የደም መንገድ ምስል።
ሠ. አልትራሳውንድ — ውሰቱ ይጽና፤ ሲብራራ የማሚቶ ምስል።
ረ. ሲቲ ስካን — ውሰቱ ይጽና፤ ሲብራራ የቁርጥ ምስል።
ሰ. የምስል አድማቂ — አድማቂ ፈሳሽ።
ሸ. መፈንዳት — ቃሉ ይጽና፤ ነገር ግን «ደም ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፣ ሕይወትን ያሰጋል» የሚል ሳይከተለው አይነገር። «መፍረጥ» ፈጽሞ አይግባ።

ለአስተርጓሚው የመለስንለት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «በሆድዎ ውስጥ ያለው ዋናው ደም ቅዳ ደክሞ እንደ አሮጌ ላስቲክ ተለጥጦ ቀርቷል። ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 5.6 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ የጤነኛ ሰው 2 ያህል ነው። ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳልና ሳይፈነዳ መጠገን አለበት። ለመጠገኛው ቧንቧ ልክ እንዲወሰድ፣ በደም ሥርዎ አድማቂ ፈሳሽ ተሰጥቶዎት የቁርጥ ምስል ይነሣሉ።» አባታችን ይህን ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል፤ ልኩን ውሰዱ» ማለታቸውን ወጣቱ ጽፎልናል።

የአንባቢዎቻችንን ትችት፣ በተለይም በየሆስፒታሉ የሚያስተረጉሙ ወገኖች ከሕመምተኞች አፍ የሰሟቸውን ቃላት እንጠብቃለን። ከእኛ የተሻለ ቃል ምናልባት ከእነርሱ ዘንድ ይገኛል።